ተራ የሚይዙ ድንጋዮች

ከሚሴ መናኸሪያ ውስጥ፣ የሰንበቴ መኪና በሚጠበቅበት ቦታ፣ ሰው አይሰለፍም። የሚሰለፈው ድንጋይ ነው። ለቀልድ አይደለም የምለው። ከሌላ አገር የመጣ ሰው ቢያየን ግራ እንደሚገባው የገባኝም ዘንድሮ ነው፤ እስከዚያ ድረስ በየከተማው ያለ ሰው በድንጋይ የሚሰለፍ ይመስለኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመናኸሪያው ፀሐይ አናት ይበሳል፤ ጥላው አንድ ነው፣ እሱም የሻይ ቤቷ ቆርቆሮ ሥር። ስለዚህ ተሳፋሪ ሲመጣ ከመጨረሻው ዕቃ ኋላ የራሱን ያስቀምጥና ወደ ጥላው ይገባል፤ ወይ ሱቅ ይሄዳል፣ ወይ ይሰግዳል። ድንጋይ ቢሆን፣ አሮጌ ጫማ ቢሆን፣ የጀሪካን ክዳን ቢሆን ለውጥ የለውም። ያ ዕቃ እሱ ነው። መኪናው ሲመጣ ሁሉም ወደየዕቃው ይመለስና በተራው ይገባል። አንድ ቀን ፍየል መጥታ ከሰልፉ መሃል የነበረ የሙዝ ልጣጭ በላች። የልጣጩ ባለቤት አልተደናገጠም። «አሁን ፍየሏ ሆድ ውስጥ ነኝ፣ ተራዬ ግን እዚህ ነው» ብሎ ባዶው ቦታ ላይ ቆመ። ሰዉ ሳቀ፤ ተራውንም አልከለከለውም።

የእኔ ዕቃ ሰማያዊ የሴራሚክ ስባሪ ነበረች። ከአንድ አዲስ ሕንፃ ሥር ያገኘኋት ናት። ከሻይ ቤቷ አግዳሚ ወንበር እግር ኋላ ደብቄያት አድራለሁ፣ ከሰዓት ስመጣ አውጥቼ አሰልፋታለሁ። ሻይ የምታፈላው ሴትዮ፣ ሁላችንም እታለም የምንላት፣ መደበቂያዬን ታውቅ ነበር። አንዳንዴ የማጠናከሪያ ትምህርት ሲያቆየን እንድታሰልፍልኝ ብለምናት እምቢ ትለኛለች።

«ባለቤቱ ሳይመጣ ዕቃ አላስቀምጥም። ዛሬ ላንቺ ካስቀመጥኩ ነገ የከሚሴ ሰው በሙሉ ድንጋዩን እኔ ጋ አደራ ይላል።»

እውነቷን ነው። እሷ ጋ ሌላውም አደራ በቂ ነበር። ለታመመ የሚላክ መድኃኒት፣ የሠርግ ጥሪ፣ የተረሳ ጃንጥላ፣ የሞት መርዶ ሳይቀር በእሷ በኩል ነው ወደ ሾፌሮቹ የሚሄደው። ጠዋት በዚህ መናኸሪያ አስተማሪው፣ የቢሮ ሠራተኛው፣ ተማሪው፣ ሐኪም የሚፈልገው ይራገፋል፤ ማታ ያው ሰው ተመልሶ ይጫናል። በየቀኑ አንድ መኪና ውስጥ ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ የሚሄድ ሰው ዘመድ ይሆናል፣ ባይፈልግም። በአጠገባችን ሐዲዱ የተዘረጋለት ባቡር ሥራ ሲጀምር ይህ ሁሉ ይቀራል የሚሉ አሉ። እታለም ግን፣ «ባቡሩም ቢመጣ ድንጋያችሁን ይዛችሁ ነው የምትሄዱ» ትላለች።

እኛ የምንኖረው ከከሚሴ ወደ ሰንበቴ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው፤ በሚኒባስ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። የሰፈራችን ትምህርት ቤት እስከ አሥረኛ ስለሆነ አሥራ አንደኛን የጀመርኩት ከሚሴ ነው፣ አሁን አሥራ ሁለተኛ ነኝ። አባቴ የፈቀደው በአንድ ቃል ነበር፤ መግሪብ፣ የምሽቱ ሶላት፣ ከመጠራቱ በፊት ቤት መግባት። ያን ቃል ሁለት ጊዜ አፍርሻለሁ። በሁለተኛው ማታ አልተቆጣም። ፍየሎቹን እንደሚቆጥር ሰው በጣቱ ቆጠረልኝ።

«አንዴ መኪና የለም አልሽ። ሁለተኛ ጎማ ፈነዳ አልሽ። ሦስተኛ መግሪብ መንገድ ላይ ካገኘሽ ደብተርሽን እዚሁ ነው የምታነቢው።»

«ማን ያስተምረኛል እዚህ?»

«እሱን ያን ጊዜ እናስባለን።»

አባቴ ሁለት ጊዜ የሚናገር ሰው አይደለም። ፍየል ሲሸጥ እንኳ ዋጋ አንዴ ጠርቶ ዝም ነው የሚለው፤ ገዢው ዞሮ ዞሮ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ስለ መኪና ከማንም በላይ የማስብ እኔ ሆንኩ። ችግሩ እሁድ ነበር። እሁድ የሰንበቴ ገበያ ነው። ቆላው ግመሉን፣ ደጋው በጉን ይዞ እዚያ ይገናኛል፤ የመስመሩ ሚኒባሶችም ሁሉ ገበያተኛ ሊያመላልሱ ወደዚያ ይወርዳሉ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማጠናከሪያ ደግሞ እሁድም አለ። የሚያልቀው ዘጠኝ ሰዓት ነው። ከዘጠኝ እስከ መግሪብ ከከሚሴ ወደ ሰንበቴ የሚነሳ አንድ መኪና ይገኛል፤ ሁለተኛው ቢመጣም የሚነሳው አሥራ ሁለት ሰዓት ሲቃረብ ነው። የመጀመሪያውን ያገኘ ገባ፣ ያመለጠው አመሸ ማለት ነው።

በዚያ ሰሞን የአማርኛ አስተማሪያችን አንድ የቤት ሥራ ሰጥታን ነበር። «በየቀኑ የምታዩትን ነገር ጻፉ። ምንም አትጨምሩ። ያላያችሁትን አበባ አታምጡብኝ» አለች። ከዚያ በፊት ድርሰት ስጽፍ ፀሐይ ወርቃማ ጨረሯን ሳትፈነጥቅ አንድ ገጽ አልጀምርም ነበር። አሁን ፀሐዩ ተከለከለ፤ ምን ቀረኝ? ድንጋይ። እሁድ ዕለት ዘጠኝ ከሩብ ላይ መናኸሪያ ደርሼ ስባሪዬን አሰልፌ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩና ሰልፉን ከመጀመሪያው ጀምሬ መጻፍ ያዝኩ።

ድንጋይን ከድንጋይ ለይቶ መጻፍ እንዲህ ደስ ይላል ብዬ አላሰብኩም። ደጋግሜ ተነስቼ ሄጄ እያየሁ ተመለስኩ። «ሁለተኛ፤ የእንቁላል ቅርጽ ያለው ድንጋይ፣ መፋቂያ በክር ታስሮበታል።» «አምስተኛ፤ የግራ እግር ኮንጎ ጫማ፣ ማሰሪያው በሽቦ የተጠገነ።» «ዘጠነኛ፤ የጀሪካን ክዳን፣ ቢጫ።» «አሥረኛ፤ የጀሪካን ክዳን፣ ቢጫ፣ ጥርስ የነከሰው።» እስከ ሃያ አንድ ደረስኩ። ሃያ አንደኛው የሽንኩርት ጆንያ ቁራጭ ነበር፣ እንዳይበር ጠጠር ተጭኖበት። የእኔ አሥራ ዘጠነኛ ነበረች።

አሥራ ዘጠነኛ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አውቅ ነበር። ሚኒባሱ በሕጉ አሥራ ሁለት ሰው ነው፤ እሁድ ተጠጋጉ ተጠጋጉ ተብሎ አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት ይሆናል። ያም ሆኖ ተስፋ አልቆረጥኩም። ከፊቴ ካሉት አንዳንዱ ሐሳቡን ይቀይራል፣ አንዳንዱ የጭነት መኪና ላይ ይንጠላጠላል። እንዲህ እያልኩ ሳለ የዓስር ሶላት ተጠራ። ወንዶቹ ወደ መስጊድ ወጡ። ሴቶቹ ከእታለም ሻይ ቤት ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል በየተራ እንሰግዳለን፤ እኔም ደብተሬን በብብቴ ይዤ ገባሁ።

ስመለስ መሬቱ ባዶ ነበር።

ባዶ ብቻ አይደለም፣ ተጠርጓል። የመጥረጊያው መስመር አፈሩ ላይ ይታያል። በሰልፉ ቦታ ላይ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰ ወጣት መጥረጊያውን ተደግፎ ቆሟል። አዲሱ ተራ አስከባሪ ነው፤ ከሌላ ከተማ መጥቶ ሥራ የጀመረው ያን ዕለት ነው። ፊቱ ላይ ምስጋና የሚጠብቅ ሰው ፈገግታ ነበረው። ድንጋዩ፣ ጫማው፣ ክዳኑ፣ የኔዋም ስባሪ፣ በአጥሩ ሥር ተቆልሏል።

እታለም ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች ወጣች። «አንተ! ምን አደረግክ?»

«አጸዳሁ። ልጆች ሲጫወቱ ትተውት ነው መሰል።»

«የምን ልጆች! ሰዎቹን የት አደረስካቸው?»

«ኧረ እትዬ፣ ድንጋይ ነው ያነሳሁት፣ ሰው አላነሳሁም!»

«ሰው ነው ያነሳኸው!» አለች።

ሰጋጆቹ ተመለሱ። ባዶውን መሬት አዩ። ከዚያ አንዱ «ማል ታኤ?» አለ፤ ምን ተፈጠረ ማለቱ ነው። ከዚያ በኋላ በኦሮምኛም በአማርኛም ሁሉም በአንዴ ጮኸ። ድንጋዩን ሁሉም ያውቀዋል፤ ከቁልሉ ውስጥ የየራሱን ወዲያው አነሳ። ቅደም ተከተሉን ግን የሚያውቅ የለም። ሰው የሚያስታውሰው ከፊቱ ማን እንደነበረ አይደለማ፣ ምን እንደነበረ ነው።

«እኔ ከጫማው ኋላ ነበርኩ።»

«ከየትኛው ጫማ?»

«ከኮንጎው ነዋ።»

«ከኮንጎው ኋላ ያለሁት እኔ ነኝ። አንተ ከክዳኑ ኋላ ነህ።»

«ክዳን ሁለት ነበር፣ አቦ!»

«ሦስት ነበር!»

«ሦስተኛው ያንተ ራስ ነው!»

በዚህ መሃል መኪናው በሩ እየተንጓጓ ገባ። ነገሩ ከሳቅ ወደ ግፊያ ሊሄድ ሲል አንድ ድምፅ ከሁሉም በላይ ወጣ። ሽርጥ የታጠቀ ወፍራም የሽንኩርት ነጋዴ ነው። «ያ ጀመዓ! እኔ ሦስተኛ ነበርኩ፣ ወላሂ!» ይላል። የጆንያውን ቁራጭ እንደ ባንዲራ ያውለበልባል።

እኔ ሳላስበው «ሃያ አንደኛ ነህ» አልኩ።

ዝቅ ባለ ድምፅ ነበር ያልኩት። እታለም ግን ሰማችኝ። «እንዴት አወቅሽ?» አለችኝ።

«ጽፌዋለሁ። ሁሉንም።»

ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ተራ አስከባሪው መጥረጊያውን ጥሎ መጣ፤ ነፍሱ መለስ ያለችለት ይመስል ነበር። «እስቲ አንብቢ፣ እህቴ። አንቺ በጠራሽው ነው የማስገባ» አለ። ደብተሩን ስከፍት ነጋዴው አጠገቤ ደርሶ ጎንበስ አለ። የሽንኩርት ሽታ ነበረው፣ ክፉ ሽታ አይደለም።

«ስሚኝ፣ ልጄ» አለ በሹክሹክታ። «ሦስተኛ ብለሽ ጥሪኝ። አራተኛ ደግሞ ራስሽን ጥሪ። ማን ያያል? ደብተሩ ያንቺ ነው።»

ልክ ነበር። ደብተሩ የእኔ ነው፣ ጽሑፌ ደግሞ የዶሮ ጭረት ስለሆነ ከትከሻዬ በላይ የሚያነብ ሰው አልነበረም። አራተኛ ብዬ ራሴን ብጠራ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤት ነኝ። አባቴ አይናገርም፣ እኔም ሰኞ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። አሥራ ዘጠነኛ ብዬ ብጠራ መግሪብ መንገድ ላይ ያገኘኛል፣ ያም ሦስተኛው ነው። ሒሳቡ ይህን ያህል ቀላል ነበር።

ማንበብ ጀመርኩ። «አንደኛ፤ ሰፊ ጥቁር ድንጋይ፣ ኖራ የነካው።» አንዲት ሴት ድንጋይዋን ብድግ አድርጋ አሳየች። «ዱጋዳ! እውነት ነው!» አሉ ሰዎቹ፤ ገባች። «ሁለተኛ፤ የእንቁላል ቅርጽ ያለው፣ መፋቂያ በክር የታሰረበት።» አንድ ሽማግሌ ናቸው፣ ከእኛ ቀጥሎ ካለው መንደር። ድንጋያቸውን ከፍ አድርገው፣ «ሱብሓነላህ፣ ክሩንም ጽፋዋለች» አሉ። ሦስተኛ ላይ ስደርስ ነጋዴው ጉሮሮውን ጠረገ። የጻፍኩት «የወተት ቆርቆሮ፣ ታቹ የዛገ» ይላል። እሱን አነበብኩ። አራተኛ ላይ ትንሽ ቆምኩ። የጻፍኩት ግን ወረቀቱ ላይ ነበረ፣ ቆርቆሮው ቆርቆሮ ነው፣ ድንጋዩም ድንጋይ፤ አስተማሪዬ አትጨምሩ ብላለች። «አራተኛ፤ ከላይዋ የተሰነጠቀች ድንጋይ፣ ስንጥቋ ውስጥ ሣር ያለባት» አልኩ። ከዚያ በኋላ ድምፄ በራሱ ሄደ።

ለነገሩ ደስ ብሎኝ ነበር ያነበብኩት። ይህን መደበቅ አልችልም። «ጥርስ የነከሰው» ስል አንዱ ክዳኑን ገልብጦ እያየ፣ «ኧረ ልጄ ነው የነከሰው!» ብሎ ሳቀ። ሰው በጻፍኩት ነገር ሲስቅ የመጀመሪያዬ ነው።

አሥራ ስድስት ላይ መኪናው ሞላ። «ቀጥይ» አለ ተራ አስከባሪው፣ የሚቀጥለውን መኪና ተራ ለማወቅ። አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስምንት አልኩ። «አሥራ ዘጠነኛ፤ ሰማያዊ ስባሪ፣ የኔ።»

«ድግሱን የጠራችው ሳትበላ ቀረች!» አለ አንድ ሰው ከመኪናው ውስጥ።

የአባቴን ነገር የምታውቀው እታለም ብቻ ነበረች። የመኪናውን በር ይዛ፣ «ይቺን ልጅ አስገቧት እንጂ! ለእሷ ዛሬ እንደ ሌላ ቀን አይደለም» ብላ ተከራከረች። ተራ አስከባሪው ግን ከግማሽ ሰዓት በፊት ሰልፉን በሙሉ ጠርጎ የጣለ ሰው አይመስልም ነበር። «አይሆንም፣ እትዬ። ዝርዝር ዝርዝር ነው» አለ። ሽማግሌው በመስኮት አዩኝ። መኪናው ሄደ።

ሁለተኛው መኪና የተነሳው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። የሽንኩርት ነጋዴው ከኋላዬ ወንበር ተቀምጦ መንገዱን ሙሉ ስለ እውነት ጥቅም አወራ። በመስኮቱ የማሽላው ማሳ እየጠቆረ ሲሄድ አዛኑ ከአንድ መንደር፣ ቀጥሎ ከሌላው ተሰማ። ሦስተኛው መግሪብ መንገድ ላይ አገኘኝ።

አባቴ አስፋልቱ ዳር ቆሞ ነበር፣ የወይራ ዱላውን ትከሻው ላይ አግድሞ። ከመኪና ስወርድ የእጅ ባትሪውን አበራ።

«ስንተኛ ነበርሽ?» አለኝ።

ሌላ ጥያቄ ነበር የጠበቅኩት። «አሥራ ዘጠነኛ።»

«ነጋዴውስ?»

«ሃያ አንደኛ።»

«ሦስተኛ ነኝ አለ አሉ።» ትንሽ ሄድን። «ሰውዬው ድሮም እንዲህ ነው። ፍየልም ሲገዛ ጥርስ ሳያይ እድሜ ይናገራል።»

ይህን ሁሉ ከየት እንደሰማ ቤት ስገባ ገባኝ። ሽማግሌው ወርደው፣ ለምስክርነት የተጠሩ ይመስል፣ በእግራቸው እኛ ቤት ድረስ መጥተው ነበር፤ ይህን እናቴ ነገረችኝ። የመናኸሪያ ወሬ ከመኪናው እንደሚቀድም አውቅ ነበር፣ የእኔ ወሬ ግን ቀድሞኝ ሲገባ ያ የመጀመሪያው ነው። ስለ ትምህርቱ ግን ማንም አላነሳም። ሰኞ ተነስቼ ሄድኩ፤ አልከለከለኝም፣ ሂጂም አላለኝም። ማክሰኞም፣ ረቡዕም እንዲሁ። ውሳኔው ለእሁድ እንደቆየልኝ ገባኝ።

ቅዳሜ ማታ፣ «ነገ ማጠናከሪያ አለ?» ብሎ ጠየቀ።

«አለ።»

«እህ» አለ።

ጠዋት ስነሳ ፍየሎቹን ይዞ ወደ ሰንበቴ ወርዷል።

ዘጠኝ ከሩብ ላይ መናኸሪያ ደርሼ ስባሪዬን ከአግዳሚው ሥር ሳወጣ እታለም በአገጯ ወደ ሰልፉ ጠቆመችኝ። ሰልፉ ከባለፈው ይረዝማል። ስድስተኛው ቦታ ላይ፣ በሁለት ድንጋይ መሃል፣ አንዲት የወይራ ዱላ ተጋድማለች። ጫፏ ቆርቆሮ ለብሷል፣ መያዣዋ ከመታሸት ብዛት ያበራል። ከአገሩ ዱላ ሁሉ ለይቼ የማውቀው የአባቴን ዱላ ብቻ ነው።

ተራ አስከባሪው ከዱላዋ አጠገብ ከአንድ ሾፌር ጋር ይከራከራል።

«ባለቤቱ የት ነው?»

«ሰንበቴ፣ ፍየል እየሸጠ ነው።»

«ሰንበቴ ያለ ሰው ወደ ሰንበቴ ተራ ይይዛል?»

«እሱ አይደለም የሚሄደው፣ ልጁ ናት። ጠዋት እጄ ላይ አስያዘኝ። ጋቢና ተቀምጣ ነው የመጣች፣ ዱላዋ። አንድ ሰው አስነስቼላት!»

«እንዲህ ያለ ደንብ የለም። ባለቤቱ ሳይመጣ ዕቃ አይቀመጥም፣ እትዬ ራሷ ናት ያስተማረችኝ።»

እታለም ብርጭቆ እያጠበች ነበር። ቀና አላለችም። «እኔ አላስቀመጥኩም» አለች። «ፍየል የሚነዳ ሰው ገበያ ላይ ዱላ ሳይዝ ሲውል ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። አይተህ ታውቃለህ?»

ተራ አስከባሪው ዱላዋን አየ፣ እኔን አየ። መጥረጊያውን አነሳና በዱላዋ ዙሪያ ያለውን አፈር ብቻ ጠርጎ ሄደ።

ስባሪዬን ወደ መደበቂያዋ መለስኳት። ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩ፤ «ስድስተኛ፤ የወይራ ዱላ፣ ጫፏ ቆርቆሮ የለበሰ።» የመጀመሪያው መኪና ሲመጣ ዱላዋን በጉልበቶቼ መሃል አቁሜ ተቀመጥኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ቤት ነበርኩ።

አባቴ አልመጣም። መግሪብ ተጠራ፣ ሰገድን፣ አልመጣም። ወጥቼ አስፋልቱ ዳር ዱላዋን ተደግፌ ቆምኩ። በመጨረሻ ከአንድ የጭነት መኪና ላይ ወረደ፣ እጁን እያወዛወዘ፣ ልብሱ በፍየል ጠጉር ተሸፍኖ። አንዷ ፍየል አምልጣው ገበያውን ሁለት ጊዜ እንደዞረ በኋላ ነው የነገረን።

«ስንተኛ ነበርክ?» አልኩት።

ዱላዋን ከእጄ ወሰደና ትከሻው ላይ አጋደማት።

«ዱላ የለኝ፣ ምን ላስቀምጥ?» አለ።